አስተያየት ስጡ ተባለ፣ ከዚያስ? የአሜሪካ የብረት ታሪፍ ማመልከቻ ጉዳይ

በየመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን አይጠፋም። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ "ተገልጋዩ አስተያየት ሰጥቶ መንግሥት አሠራሩን ቀየረ" ሲባል ብዙዎቻችን ፈገግ ብለን እናልፋለን። የዛሬው ጉዳይ ሳጥኑ በእውነት የተከፈተበት ነው። አስተያየት ተሰበሰበ፣ ተነበበ፣ ደንቡም ደጋግሞ ተቀየረ። እኔን የሳበኝ የተቀየረው ነገር ምን እንደሆነና ያልተነካው ምን እንደሆነ ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ በ1962 ያወጣችው የንግድ ማስፋፊያ ሕግ አንቀጽ 232 የሚባል ድንጋጌ አለው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገር ደህንነትን ይጎዳል ወይ ብሎ የንግድ ሚኒስቴሩ እንዲመረምር ይፈቅዳል። ይጎዳል ከተባለ ፕሬዚዳንቱ ታሪፍ፣ ማለትም በገቢ ዕቃው ላይ ተጨማሪ ቀረጥ፣ መጣል ይችላሉ። በኤፕሪል 2017 በብረትና በአሉሚኒየም ላይ ሁለት ምርመራዎች ተከፈቱ። በሜይ ወር ስለ ብረቱ ዋሽንግተን ላይ ሕዝባዊ መድረክ ተካሄደ፤ አምራቹም ተጠቃሚውም ሐሳቡን ተናገረ። በዚያን ጊዜ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ጂም ማቲስ የምርመራውን ድምዳሜ ባይቃወሙም፣ ጦሩ የሚፈልገው ብረትና አሉሚኒየም ከአገሪቱ ምርት 3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ማርች 8 ቀን 2018 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የታሪፉን አዋጅ ፈረሙ። በብረት ላይ 25 በመቶ፣ በአሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ። ከማርች 23 ጀምሮ ይከፈላል ተባለ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የታወቀ ነው። ያን ያህል ያልተወራለት ከዚያ በኋላ የመጣው ወረቀት ነው።

አዋጁ አንድ በር ክፍት ትቶ ነበር። አንድ ፋብሪካ የሚፈልገው ብረት አሜሪካ ውስጥ በበቂ መጠንና ጥራት የማይመረት ከሆነ፣ ከታሪፉ ነጻ እንዲደረግለት ማመልከት ይችላል። ሚኒስቴሩ የማመልከቻውን ደንብ ማርች 19 አወጣ። አስቀድሞ ማንንም አልጠየቀም። ደንቡ በወጣበት ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ አስተያየት ያለው ደግሞ እስከ ሜይ 18 ድረስ ይጻፍ ተባለ። መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ አስተያየት ማለት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አይደለም። ሰው አስተያየቱን የሚጽፈው ማመልከቻውን ለማስገባት እየተራወጠ፣ ጎን ለጎን ዕቃው ወደብ ላይ ሲደርስ ቀረጥ እየከፈለ ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስል ነበር። ብረቱን የሚጠቀመው ድርጅት ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ሬጉሌሽንስ ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ይታያል። በ30 ቀን ውስጥ ማንኛውም የአሜሪካ አምራች "እኔ ይህን መሥራት እችላለሁ" ብሎ መቃወም ይችላል። ከዚያ ሚኒስቴሩ ይወስናል። ክፍያ የለውም።

ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። አንድ ማመልከቻ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው። ስፋቱ ወይም ውፍረቱ የተለያየ ላሜራ የምታስመጣ ከሆነ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ትሞላለህ። ሃያ ዓይነት መጠን ካለህ ሃያ ቅጽ። የኬሚካል ይዘቱ፣ ጥንካሬው፣ የሚመጣበት አገር፣ የዓመቱ መጠን በኪሎ፣ የጉምሩክ የታሪፍ ኮዱ ባለ አሥር አሃዝ ሆኖ መሞላት አለበት። የአምራቾች ወይም የነጋዴዎች ማኅበር ለአባሎቹ በአንድ ላይ ማመልከት አይችልም። እያንዳንዱ ለራሱ ነው።

ሚኒስቴሩ ደንቡን ሲያወጣ 4,500 ያህል ማመልከቻ እጠብቃለሁ ብሎ ነበር። ለኮንግረስ የሚሠራው ኦዲተር፣ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ የሚባለው፣ በኋላ ሲቆጥር እስከ ኖቬምበር 2019 የገባው ከ106,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ግምቱ እንዲህ የሳተው ቅጹን የነደፈው ሰው አንድ ፋብሪካ በዓመት ስንት ዓይነት ብረት እንደሚገዛ ስላልጠየቀ ነው ብዬ አስባለሁ። ማንኛውም የብረታ ብረት ነጋዴ በአምስት ደቂቃ ይነግረው ነበር።

በዚህ ሁሉ መሃል ሚዙሪ ግዛት ፖፕላር ብላፍ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የምስማር ፋብሪካ ስሙ በየዜናው መነሳት ጀመረ። ሚድ ኮንቲኔንት ኔይል ይባላል። ወደ 500 ሠራተኛ ነበረው። ባለቤቱ የሜክሲኮ ኩባንያ ነው፤ ብረቱንም ከሜክሲኮ ያመጣል። ሜክሲኮ በመጀመሪያ ከታሪፉ ውጭ ነበረች። በጁን 2018 ግን እሷም ገባች። በዚያው ወር ፋብሪካው 60 ሠራተኞችን አሰናበተ፤ ሌሎችም ቀድመው ሥራ ፍለጋ ወጡ። የሚያስቀው፣ ወይም የማያስቀው ነገር፣ ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣ ምስማር በዚያን ጊዜ ታሪፉ አይነካውም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ምስማር ለመሥራት የሚመጣው ብረት 25 በመቶ ይከፍላል። አልቆ የመጣው ምስማር ግን በነጻ ይገባል። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በፌብሩዋሪ 2020 ነው። ፋብሪካው ከታሪፍ ነጻ የሚያደርገውን ውሳኔ ያገኘው በኤፕሪል 2019 ነበር። አሥር ወር ገደማ ማለት ነው። ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አሥር ወር ብዙ ላይሆን ይችላል። በሰዓት ለሚከፈለው ሠራተኛ ግን የቤት ኪራይ አሥር ጊዜ ይመጣል።

ወደ አስተያየቱ እንመለስ። በሜይ 2018 የገባው አስተያየት ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ነገር ነበር። አምራቹ "እኔ እሠራዋለሁ" ብሎ ሲቃወም፣ አመልካቹ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረም። ተቃዋሚው የጻፈው ሐሰት ቢሆን እንኳ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ክስ፣ መልስ፣ የመልስ መልስ የሚባለውን ያውቃል። እዚህ ክስ ብቻ ነበር ያለው። ኢንዲያናን ወክለው በምክር ቤት የነበሩት ጃኪ ዋሎርስኪም በዚህ ጉዳይ ሚኒስቴሩን ደጋግመው በደብዳቤ ይወተውቱ ነበር። ሴትዮዋ የትራምፕ ፓርቲ አባል ነበሩ። ነገሩ የፓርቲ ጠብ ብቻ እንዳልነበረ ይህ ያሳያል።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2018 ሁለተኛው ደንብ ወጣ። አስተያየቱ ተሰምቷል። አመልካች በ7 ቀን ውስጥ ለተቃውሞው መልስ ይሰጣል፤ ተቃዋሚው ደግሞ በሌላ 7 ቀን የመልስ መልስ ያቀርባል። ተቃውሞ ያልቀረበበትና የደህንነት ስጋት የሌለበት ማመልከቻ ቶሎ እንዲጸድቅም ተደረገ። በጁን 2019 ደግሞ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ አዲስ ፖርታል ሥራ ጀመረ። እስከዚያ ድረስ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ድረ ገጽ ለሕዝብ አስተያየት የተሠራ እንጂ ክርክር የሚካሄድበት አልነበረም። ሰው ማመልከቻው ላይ ተቃውሞ መግባቱን ለማወቅ በየቀኑ ገብቶ መፈለግ ነበረበት።

ማኅበራት ለአባሎቻቸው ያመልክቱ የሚለው ግን ተቀባይነት አላገኘም። አንድ ማመልከቻ ለአንድ ዕቃ የሚለውም በመሠረቱ እንደነበረ ቀጠለ። ሚኒስቴሩ ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ ካልተመረመረ አገር ውስጥ መሠራት አለመሠራቱ አይታወቅም ይላል። ምክንያቱ ውኃ ይቋጥራል። ግን ይህን ሥራ የሚሸከመው ማን ነው? ትልልቆቹ ብረት አምራቾች፣ ዩኤስ ስቲልና ኑኮር፣ በሺዎች የሚቆጠር ተቃውሞ የሚጽፍ ሰው አላቸው። አሥራ አምስት ሠራተኛ ያለው የመኪና ዕቃ ወርክሾፕ ቅጹን የሚሞላው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ማታ፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደርሻለሁ። ኦዲተሩ በሴፕቴምበር 2020 ያወጣው ሪፖርት ውስጥ አንድ ቁጥር አለ። ከ19,000 በላይ ማመልከቻ ገና ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ተመልሷል። ምክንያቱ የተሳሳተ ወይም ያልተሟላ መረጃ ነው። የታሪፍ ኮዱ አልገጠመም፣ መጠኑ ጎደለ፣ የዕቃው መግለጫ ተምታታ።

እነዚህ 19,000 ቅጾች አስተያየት ናቸው። ማንም አስተያየት ብሎ አልጠራቸውም እንጂ። አንድ ሁለት ሰው ቅጽ ሲሳሳት ጥፋቱ የሰውዬው ነው እንበል። 19,000 ጊዜ ሲሳሳት ግን ጥፋቱ የቅጹ ነው። የሚኒስቴሩ ሰዎች በይፋ አስተያየት ሲጠሩ የሚመጣላቸው በሕግ ባለሙያ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት፣ በሚገባ የተደራጀ ደብዳቤ ነው። የሚጽፈው አሠራሩን የቻለው ወገን ነው። ቅጹ ተመልሶበት ተስፋ ቆርጦ የተወው ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ቀረጡን ከፍሎ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይም ሥራውን ይዘጋል። የእሱ ድምፅ ያለው በተመለሰው ቅጽ ውስጥ ነው። ኦዲተሩም ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ሰዎች ለምን እንደሚሳሳቱ መርምራችሁ አስተካክሉ አላቸው። ይህን ለማወቅ አዲስ የአስተያየት ጥሪ አያስፈልግም ነበር። እጃቸው ላይ ያለውን ማንበብ ይበቃ ነበር።

የጊዜውም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሚኒስቴሩ ለራሱ ባስቀመጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ሳይወሰንባቸው የቀሩት ከማመልከቻዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ናቸው። 841ዱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ይህ ከጉምሩክ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚፈጥር ያላስመጣ ሰው ላይገባው ይችላል። ነጻ መደረጉ ከጸደቀልህ ማመልከቻህ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የከፈልከው ቀረጥ ይመለስልህ ነበር። ጥሩ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ጉምሩክ አንድን የገቢ ዕቃ ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ በ314 ቀን ገደማ ይዘጋዋል። ከተዘጋ በኋላ አቤት ለማለት ያለህ 180 ቀን ነው። ውሳኔው ከተጎተተ፣ አንተም ቀኑን ካልተከታተልክ፣ "ተፈቅዶልሃል" የሚለው ደብዳቤ ሲደርስህ ገንዘቡ አልፎህ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ኩባንያ ይህን የሚቆጥርለት የጉምሩክ አስተላላፊ ይቀጥራል።

እንግዲህ አስተያየቱ ያልደረሰበት ቦታ የት ነው? ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ከበሩ ጀርባ ያለው ነው። በኦክቶበር 2019 የንግድ ሚኒስቴሩ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሚኒስቴሩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከአመልካቾችና ከተቃዋሚዎች ጋር መዝገብ ላይ የማይገባ ንግግር ያደርጉ ነበር። ማመልከቻዎቹ የሚገመገሙበት አንድ የውስጥ መስፈርት ደግሞ ከአንድ ተቃዋሚ ኩባንያ ጋር ግንኙነት ከተደረገ በኋላ ተቀይሯል፤ ለውጡም ለሕዝብ አልታተመም። ኢንስፔክተሩ ይህ ተገቢ ያልሆነ ተጽዕኖ ያለ ያስመስላል ብሎ ጻፈ። ተጽዕኖው በእርግጥ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለጊዜው እንተወው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሕዝባዊ አስተያየት የሚሰጠው ወገን የሚያወራው ለፊት በሩ ነው። በጓሮ በኩል የሚገባ ካለ ግን አምስት ገጽ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው የውሳኔው ምክንያት ነው። ጄኤስደብልዩ ስቲል የሚባለው የሕንድ ኩባንያ ቴክሳስ፣ ቤይታውን ውስጥ ፋብሪካ አለው። ወፍራም ጥሬ የብረት ሰሌዳ አስመጥቶ ዝርግ ብረትና ቱቦ ይሠራል። 12 ማመልከቻ አስገባ፤ 12ቱም ውድቅ ሆኑ። ተቃዋሚዎቹ ዩኤስ ስቲል፣ ኑኮርና ኤኬ ስቲል ነበሩ። ኩባንያው ኒው ዮርክ ወዳለው የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት ሄደ። በኦገስት 2020 ዳኛ ክሌር ኬሊ የሚኒስቴሩ ውሳኔዎች ምክንያት የሌላቸው ናቸው ብለው እንደገና እንዲታዩ መለሷቸው። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ካላየ ውሳኔው ልክ መሆኑን እንዴት ይመርምር? መልስና የመልስ መልስ የተጨመረው በ2018 ነው። ግን ሁለቱ ወገኖች ተሟግተው ሲያበቁ የሚወጣው ውሳኔ ክርክሩን የማይነካ ከሆነ፣ የተጨመረው ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ያስነሳው የአስተያየት ደብዳቤ አይደለም። ክስ ነው።

በሜይ 2020 ሚኒስቴሩ እንደገና ጠየቀ። አሁን ጥያቄው ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር፤ "አስተያየታችሁን ስጡን" ብቻ አላለም። የራሱን አማራጮች ዘርዝሮ የቱ ይሻላል አለ። ማንም ተቃውሞባቸው የማያውቅ ዕቃዎችን በጅምላ ነጻ እናድርግ ወይ? አመልካቹ የጠየቀውን መጠን በእርግጥ እንደሚያስገባ ማረጋገጫ ይፈርም ወይ? ጊዜው 45 ቀን ነበር። አስተያየት የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ይህን ልብ ቢለው ደስ ይለኛል። ባዶ ጥያቄ ብሶት ያመጣል፣ ብሶቱም እውነት ነው፤ ግን ምን ይደረግ የሚለውን አይነግርህም። አማራጭ አቅርበህ ስትጠይቅ ሰዎች የቱ ላይ እንደሚጣሉ ታያለህ።

ተጣሉም። በዲሴምበር 2020 የወጣው ደንብ 108 የብረትና 15 የአሉሚኒየም ዓይነቶችን ለማንም አስመጪ በጅምላ ነጻ አደረገ። አመልካቾች እፎይ አሉ፤ ለእነዚህ ዕቃዎች ቅጽ መሙላት ቀረ። የአገር ውስጥ አምራቾች ደግሞ በተራቸው አስተያየት ጻፉ። ይህንን እኛ እንሠራለን፣ ያንንም እንሠራለን አሉ። ልክ በዓመቱ፣ በዲሴምበር 2021፣ ከዝርዝሩ 26 የብረትና 4 የአሉሚኒየም ዓይነቶች ወጡ። በሜይ 2024 በታተመው ደንብ ደግሞ ሌሎች 12 ተሰረዙ።

ይህን ያነሳሁት ሚኒስቴሩን ወላዋይ ለማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ስለ አስተያየት መሰብሰብ ስናወራ ሕዝቡ አንድ ድምፅ ያለው ይመስለናል። እዚህ ግን የአንዱ አስተያየት የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። ብረት የሚያቀልጠውና ብረት የሚገዛው ሁለቱም "ተሳታፊ" ናቸው፤ ሁለቱም አሜሪካዊ ሠራተኛ አላቸው። አሠራሩን ማሻሻል የሚባለው ለአንዱ ቶሎ ማጽደቅ ነው፤ ለሌላው ቶሎ መከልከል ነው። መካከለኛ መስሎ የሚታይ የቀን ገደብ እንኳ አንዱን ወገን ይጠቅማል። ለመልስ የተሰጠው 7 ቀን ጠበቃ ላለው ይበቃል። ለሌለው ፋይሉን ፈልጎ ሳያገኝ ያልቃል።

በኦገስት 2023 ሚኒስቴሩ ሌላ ረቂቅ ለአስተያየት አቅርቦ ነበር። ተቃዋሚው ዕቃውን በእርግጥ እንደሚሸጥ ማስረጃ ያምጣ የሚል ሐሳብም ውስጡ ነበረበት። በ2018 ሰዎች ከጻፉት ቅሬታ ሥር ያለው ይኸው እንደነበረ አስታውሱ። ለአምስት ዓመት "እሠራዋለሁ" የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ማመልከቻ ሲያቆም ኖሯል። አስተያየቱ መጀመሪያ ቀኖቹን፣ ከዚያ ድረ ገጹን፣ ከዚያ ዝርዝሩን ነካ። የማስረዳት ሸክሙ ማን ላይ ይውደቅ የሚለው ዘንድ የደረሰው በመጨረሻ ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025 ወደ ሥልጣን የተመለሱት ትራምፕ አዲስ አዋጅ ፈረሙ። አዲስ ማመልከቻ መቀበል ቀረ። የጸደቁት ቀናቸው እስኪያልፍ ወይም መጠናቸው እስኪያልቅ ይቆያሉ ተባለ። በጅምላ ነጻ የተደረጉት ደግሞ ከማርች 12 ጀምሮ አበቃላቸው። በጁን ታሪፉ 50 በመቶ ገባ። ሰባት ዓመት በአስተያየት ሲታረም፣ ሲጠገን የኖረ አሠራር በአንድ ገጽ ተዘጋ። እሱ ይቀጥል ወይ የሚል የአስተያየት ጥሪ አልነበረም።

በምትኩ ሌላ በር ተከፈተ፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። ከሜይ 2025 ጀምሮ የአገር ውስጥ አምራች "ይህም ዕቃ ታሪፉ ውስጥ ይግባልኝ" ብሎ ማመልከት እንዲችል ተደረገ። በደንቡ መሠረት በሩ የሚከፈተው በዓመት ሦስት ጊዜ ነበር፤ በሜይ፣ በሴፕቴምበርና በጃኑዋሪ። የሚቃወም አስመጪ አስተያየቱን የሚጽፍበት ጊዜ 14 ቀን ነበር። በመጀመሪያው ዙር ማብቂያ ኦገስት 18 ላይ 407 የታሪፍ ኮዶች ተጨመሩ። በዚህኛው በር የአምራቾች ማኅበርም አባሎቹን ወክሎ ማመልከት ተፈቀደለት።